የአሸዋ ቆቆች ሰዓት

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ከዲላ ስትነሳ ስለ ሟቹ የምታውቀው ጥቂት ነበር። ስሙ ወልደዮሐንስ ነው፤ ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ትናንት ቅዳሜ ምሽት ከጨለለቅቱ በታች ባለው በረሃ፣ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ገደል ሥር ሞቶ ተገኝቷል። ጨለለቅቱ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ሳጅን ደመላሽ አንድ ነገር ጨመረላት፤ ገዳዩ ተይዟል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። «ታዲያ እኔን ለምን አስጠራችሁኝ?»

ሳጅኑ ሳቀ። ተጠርጣሪው ነገ ሰኞ ፍርድ ቤት ስለሚቀርብ መዝገቡን አንድ ሰው ከዞን መጥቶ እንዲያየው ታዝዞ ነው እንጂ ነገሩስ ያለቀለት ነው አላት። ከዚያ ወንበር ስቦላት ከመጀመሪያው ነገራት።

ዓርብ ዕለት ወደ ሸለቆው የወረዱት አራት ሰዎች ናቸው። ወልደዮሐንስ ወፍ ማየት የሚወድ ሰው በዚያ በረሃ የትኛው ወንዝ ዳር፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት ቢቀመጥ ምን እንደሚያይ የሚናገር መጽሐፍ እያዘጋጀ ነበር። አብረውት የነበሩት የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዶክተር ታረቀኝ፣ የእሱ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናፍቆትና ሾፌሩ ጃፋር ናቸው። ሟቹ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከገደሉ አፋፍ ላይ ከቅጠል በሠራት መደበቂያ ገብቶ ከታች ያለችውን የውሃ ጉድጓድ ሲጠብቅ ዋለ። ከሬሳው ትከሻ ላይ ከነበረው ቦርሳ በተገኘው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የመጨረሻው መስመር የተጻፈው ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ስለዚህ እስከዚያ ሰዓት በሕይወት ነበር። ዶክተሩና ተማሪዋ ከአሥር ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከድንኳኑ ደጃፍ አልተነሡም፤ አንዳቸው የሌላቸው ምስክር ናቸው። ጃፋር ግን አሥራ አንድ ተኩል ላይ ውሃ ልቅዳ ብሎ ብቻውን ሄደ፤ አንድ ሰዓት ላይ «ጋሽ ወልደዮሐንስ ሞተዋል» እያለ ሮጦ መጣ።

«ሰውየው ወድቆ ቢሆንስ?»

«የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ደረቱ ላይ ተበጥሰዋል። ሰው ይዞታል። ደግሞ ጠዋት ተጣልተዋል፤ መኪናውን ወፎች የሚፈለፍሉበት መሬት ላይ ነድቶ ሽማግሌው ሰድቦታል። ይህም ይቅር። ውሃ ልቀዳ ሄድኩ ያለው ሰውዬ ጀሪካን ጠብታ የለበትም፤ ደረቅ ነው።» ሳጅኑ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ውሃው ታጥሮ ነበር ይላል። እኔ ዛሬ ንጋት ላይ ወርጄ አይቻለሁ፤ ክፍት ነው።»

የጤና ጣቢያው ሐኪም ስለ ሞቱ ሰዓት ምን እንዳለ ጠየቀችው። በዚያ ሙቀት ሬሳ ሰዓቱን አይናገርም ብሏል።

ስትወጣ የጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ ጠበቀቻት። ዲላ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ባለቤቷ ሲሞት የትራንስፖርቱን ሥራ ለልጇ ለጃፋር ያስረከበች ጀሚሊያ ነበረች። ከትናንት ጀምሮ ቡና ለማስረከብ የሚመጣው ሰው ሁሉ እያያት ከዚያ በር ላይ አልተንቀሳቀሰችም።

«ነገ በካቴና ዲላ ሊያስገቡት ነው አሉኝ» አለች። «አንዴ በካቴና ከታየ፣ ኋላ ነፃ ነው ቢሉትም ማን መኪናው ላይ ይሳፈራል? ማን ልጁን ይድርለታል? እባክሽ እህቴ፣ ሳይነጋ አንድ ነገር አድርጊ።»

ፀሐይወርቅ ተስፋ መስጠት ልማዷ አልነበረም። «ልየው» አለቻት ብቻ።

ጃፋር ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ቀብሮ ተቀምጦ ነበር። ስለ ስድቡ ስትጠይቀው አልካደም፤ ሽማግሌው «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?» እንዳለው፣ እሱም ተናድዶ ሳይመልስ እንደቀረ፣ ምሳ ላይ ግን ጋሽ ወልደዮሐንስ ራሱ ሻይ ቀድቶ እንደሰጠው ነገራት።

«ጀሪካኑስ?»

«ውሃው በእሾህ ታጥሮ አገኘሁት፣ እትዬ። ከላይም ከጎንም። የሰው ውሃ ነው፤ እነሱ የዘጉትን እኔ አፍርሼ አልቀዳም። ፊቴንና እጄን በአሸዋ አብሼ የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብን፣ ሰገድኩ። ከዚያ እሳቸው ሲመሽ ዓይናቸው ስለሚደክም ልመልሳቸው ብዬ ስጠራ ስጠራ ዝም አሉ። በወንዙ ዞሬ ስሄድ ከወደቀው ግንድ ኋላ አየኋቸው።»

«ከምሳ በኋላ ሸለቆው ውስጥ ነበርክ?»

«አልነበርኩም። ሰባት ሰዓት ላይ ናፍቆትን ይዤ ወደዚህ ወጣሁ፤ የኮምፒውተሯን ባትሪ ልታስሞላ። ስንመለስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ይሄን ሳጅኑ አልጠየቀኝም።»

ሳጅን ደመላሽ ተጠርጣሪው ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታ መርቶ እንዲያሳይ ስለፈለገ ጃፋርን በካቴና ይዘው አብረው ወረዱ። ከቡናውና ከእንሰቱ ጥላ ከወጡ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ብቻ ሆነ። አረንጓዴው እየሳሳ ሄዶ ግራር፣ ከዚያም ባዶ ድንጋይ ተተካ። ሙቀቱ የመኪናውን መስኮት እንደ ምጣድ አጋለው። ከታች ወደ ገላና ወንዝ የሚገባው ደረቅ ወንዝ እንደ ተጣለ የእባብ ቆዳ ተጋድሟል። ሞተሩ ሲጠፋ ምንም ድምፅ አልነበረም። ወፍ ለማየት በሚመጣበት ስፍራ አንድም ወፍ አይጮህም፤ ከአፋፉ ግራር ላይ ጥንብ አንሣዎች ብቻ ክንፋቸውን አንከርፍፈው ቁጭ ብለዋል። ከሌላ ቦታ የጠራቸው ነገር አሁን እዚያ የለም፤ እነሱ ግን አልሄዱም።

ፀሐይወርቅ መጀመሪያ የወጣችው ወደ መደበቂያዋ ነው። ለአንድ ሰው የምትበቃ ናት። በፊት ለፊቷ ቀዳዳ ከታች አሸዋው ላይ የተቆፈረችው ውሃ፣ የአንድ ምንጣፍ ስፋት ያላት፣ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከውጭ፣ ከገደሉ ጠርዝ ሦስት እርምጃ ላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ የሟቹ መነጽር በማንገቻው ተሰቅሏል። በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ ሩቁን የሚያቀርበው መነጽር ነው።

«ይህን ማን ሰቀለው?»

«እንዲሁ አገኘነው» አለ ሳጅኑ።

ቀጥላ በታችኛው መንገድ ዞራ ሬሳው ወደነበረበት ወረደች። ቦታው ከውሃው አይታይም፤ ወንዙ የሚታጠፍበት ጥግ ነው፤ የወደቀ ግንድም ይጋርደዋል። በገመድ ታጥሮ ስለነበር አሸዋው እንደነበረ ነው። ሽማግሌው በጀርባው ወድቆ የራስ ቅሉ የተመታበት ድንጋይ ጠቁሯል። ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ሳጅኑ ከላይ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል። እሷ የምታየው ደሙን አልነበረም፤ የከብት ኮቴ ነበር። በወንዙ መሐል ተሰብስቦ የመጣ መንጋ፣ ግንዱ ጋ ሲደርስ ድንገት ለሁለት ተከፍሏል። ኮቴዎቹ እየጠለቁ፣ አሸዋውን እየቧጨሩ፣ ግማሹ በስተግራ ግማሹ በስተቀኝ ሸሽተው አልፈው ከሃያ እርምጃ በኋላ እንደገና ገጥመዋል።

ድንኳኑ ጋ ስትደርስ የማስታወሻ ደብተሩን ከሳጅኑ ተቀበለችና ግራር ሥር ተቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። አንድ ሰዓት ፈጀባት። ሽማግሌው በወረቀቱ አንድ ወገን ብቻ እየጻፈ ገጾቹን በእጁ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ሰዓት፣ ወፍ፣ ብዛት፣ ምን ሲያደርግ እንደታየ፤ ሁሌም በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቆጥሮ ካልጨረሰ «አልተቆጠረም» ይላል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ «ምንም» ብሎ ጽፏል። ከገጽ ስልሳ ቀጥሎ የሚመጣው ስልሳ ሁለት ነው። የቅዳሜ ከሰዓት ጽሑፍ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ በአንድ ንስር ይቆምና፣ ከዚያ ዘልሎ የመጨረሻው መስመር ይመጣል፦ «12፡20 — የአሸዋ ቆቅ፣ ወደ 40፣ ውሃ ጠጡ።»

ስለዚህ ወፍ ናፍቆትን ጠየቀቻት። ልጅቷ ዓይኖቿ አብጠው ነበር። የአሸዋ ቆቅ ብለው የሚጠሯት ጋሽ ወልደዮሐንስ ናቸው አለች፤ እርግብ የምታክል፣ መልኳ ከአሸዋው የማይለይ ወፍ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በረሃ ውላ ለውሃ ብቻ ትመጣለች። ሌላ ነገር ልትናገር ከንፈሯን ከፈተችና ወደ ዶክተሩ ድንኳን ተመልክታ መልሳ ዘጋችው። መመረቂያ ጽሑፏን የሚያጸድቀው እሱ ነው።

ዶክተር ታረቀኝ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለ፣ ቃሉን መርጦ የሚናገር ሰው ነው። ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ እንደነበርና እነ ናፍቆት ሲመለሱ የመኪናው ድምፅ እንደቀሰቀሰው ነገራት። ደብተሩን ከፍታ የመጨረሻውን መስመር አሳየችው።

«ይህ ለእርስዎ ትክክል ይመስላል?»

«ፍጹም ትክክል ነው። ይህ የወፍ ዓይነት ውሃ የሚወርደው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። የትኛውንም መጽሐፍ ይክፈቱ፣ ይህንኑ ያገኛሉ።»

«እዚህስ ሲጠጡ አይተዋል?»

«በተደጋጋሚ» አለ።

አመስግናው ሄደች። ዶክተሩ ሲያናግራት ፊቱን ወደ ወንዙ እንዳላዞረ ልብ ብላለች።

የውሃው ተራ አስከባሪ ኦቦ ኡዴሳ ከጉድጓዷ አጠገብ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፀሐይወርቅ በኦሮምኛ ሰላም ብላ አሸዋው ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው ተጠያየቁ። ከዚያ ትናንት ውሃው ታጥሮ እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«እኔ ነው ያጠርኩት። ዓርብ ተማከርን። ውሃ አነሰች፤ ሌሊት ከርከሮና ጅብ ገብቶ ጭቃ ያደርጋታል። እንግዲህ የመጨረሻ ከብት ከጠጣ በኋላ እሾህ እንጥላለን፤ ንጋት እንከፍታለን አልን። ትናንት የመጀመሪያ ቀን ነበር። አሥር ሰዓት ዘጋሁ፣ እስከ አሥራ አንድ ተቀመጥኩ፣ ቤቴ ሄድኩ።»

«ከዚያ በፊት ከብቶቹ እንዴት መጡ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አጨማደዱ። «እዚያ መታጠፊያ ጋ ፈሩ። እምቢ አሉ፣ ተበተኑ። ነብር ነው አልን። ልጆቹም ፈርተው እየነዱ ሮጡ፤ ማንም ዞሮ አላየም።»

«ከላይ ያለውን ሰውዬ አላዩትም?»

«ሰላም አልኩት። ሁልጊዜ እጁን ያወጣል። ትናንት ዝም አለ። ወፍ ሲያይ አይናገርም ብዬ ተውኩት።» በትራቸውን አገላበጡ። «ለካ ሰላም ያልኩት ባዶ ቤት ነው።»

አሥር ሰዓት ሲቃረብ ፀሐይወርቅ ሁሉንም ወደ ውሃው ዳር አስጠራቻቸው። ዶክተሩና ናፍቆት መጡ። ጃፋር በካቴና ከሳጅኑ ጎን ቆመ። የመጨረሻዎቹ ላሞች ጠጥተው እየተነዱ ነበር። ኦቦ ኡዴሳና ሁለት ሰዎች የግራር እሾህ እየጎተቱ ጉድጓዷን ከአፍ እስከ ጎን ሸፈኑ። ሲጨርሱ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ አልቀረም።

«ሳጅን» አለች ፀሐይወርቅ፣ «አሁን አንድ ጀሪካን ውሃ ቅዳልኝ።»

ሳጅን ደመላሽ እሾሁን አየ፤ ቀጥሎ ጃፋርን አየ።

«ይህ ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዞ የተመለሰው ውሃው እንዲህ ስለነበር ነው። አንተ ንጋት ላይ ስትመጣ ተከፍቶ ነበር። እንግዲህ እውነቱን ከተናገረ ሌላ ሰው ዋሽቷል ማለት ነው።» ደብተሩን ከፈተች። «ይህ መስመር አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ አርባ ወፍ ከዚህ ጉድጓድ ጠጣ ይላል። በእሾህ ውስጥ እንዴት ጠጡ? ጋሽ ወልደዮሐንስ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ምንም ካላየ ምንም ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። በስልሳ ገጽ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ‹ወደ› ይህን ያህል አላለም፤ ወይ ቆጥሯል ወይ አልቆጠረም። ይህን መስመር የጻፈው እሱ አይደለም።»

«የእጅ ጽሑፉ የእሳቸው ነው» አለ ዶክተር ታረቀኝ በረጋ ድምፅ።

«ይመስላል። አምስት ቃልና ሁለት ቁጥር ማስመሰል ግን ከባድ አይደለም። እስቲ ለምን እንደተጻፈ እንይ። ያለዚህ መስመር ሟቹ መቼ ሞተ? ከብቶቹ አሥር ሰዓት ሳይሞላ በመታጠፊያው ሲያልፉ ከግንዱ ኋላ ደም ሸቷቸው ተበትነዋል፤ ኮቴያቸው እስካሁን አለ። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ወድቆ ነበር። በራሱ እጅ የጻፈው የመጨረሻ ነገር የስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስቱ ንስር ነው። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ጃፋርና ናፍቆት ጨለለቅቱ ነበሩ። ባትሪውን ያስሞሉበት ቤት ስልክ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ከጓደኞቹ እዚህ ሸለቆ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ተኝቶ ነበር ብሎኛል። ይህ መስመር ሞቱን ከዚያ ባዶ ሰዓት አንሥቶ፣ ያ ሰው ምስክር ወዳለው ሰዓት ወሰደው። በዚያ ሰዓት ብቻውን የወጣ ማንም ሰው ደግሞ ይጠየቅበታል። ጃፋር ወጣ።»

ዶክተሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ አብሬው የሠራሁት ሰው ነው። በምን ምክንያት?»

«ምክንያቱ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ነበር። በምላጭ ተቆርጧል። ምን እንደሚል አላውቅም።»

ከኋላ የናፍቆት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተቆራረጠም። «እኔ አውቃለሁ። መጽሐፉን የምተይብላቸው እኔ ነኝ። ዓርብ ማታ የጻፉትን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንሥቼዋለሁ።»

«ናፍቆት» አለ ታረቀኝ፣ «ስለ ምን እንደምትናገሪ አስቢ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነው ያደርኩት፣ ዶክተር።»

ስልኳን አውጥታ አነበበች። ጽሑፉ አጭር ነበር። ከቦረና ሜዳ ውጭ የማትታወቅ አንዲት ወፍ ከሦስት ዓመት በፊት በዚህ ሸለቆ ጎጆ ሠርታ ታየች ተብሎ ተጽፏል፤ ብዙ ሰውም ያንን አምኖ ሊፈልጋት ይመጣል። ወልደዮሐንስ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ አላያትም። ለማስረጃ በቀረበው ፎቶ ላይ ከወፏ ኋላ እንደ ጭስ ማውጫ የቆመ ረጅም ኩይሳ ይታያል። እንዲህ ያለ ኩይሳ ያለው ቦረና ነው፤ በዚህ ሸለቆ የለም። «ስለዚህ» ይል ነበር መጨረሻው፣ «ይህችን ወፍ ለማየት ወደዚህ አትምጡ።»

ያንን ፎቶ ያቀረበው፣ በእሱም ስም ያገኘው፣ ዶክተር ታረቀኝ እንደነበር መናገር አላስፈለገም።

ፀሐይወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መነጽሩ ከደጅ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ወፍ የሚያይ ሰው መነጽሩን ከአንገቱ የሚያወልቀው ሥራውን ትቶ እንግዳ ሲያነጋግር ነው። ወጥቶ ተቀበለዎት። ፊቱ ወደ እርስዎ፣ ጀርባው ወደ ገደሉ ነበር። ደረቱን ያዙት። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ይዘው መጻሕፍት የሚሉትን ጻፉ፤ መጥቶ የሚያይ ሰው ያለ አልመሰለዎትም። ከሦስት ዓመት በፊትም ያደረጉት ይህንኑ ነው።»

ከላይ ግራሩ ላይ አንዱ ጥንብ አንሣ ክንፉን ዘርግቶ መልሶ አጠፈው።

«ልለምነው ነው የሄድኩት» አለ ታረቀኝ። «አንድ ገጽ ብቻ እንዲተውልኝ። ‹ያላየሁትን አየሁ አልልም› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ልጥለው አልነበረም የያዝኩት።»

«ደብተሩ የነበረው ትከሻው ላይ በነበረው ቦርሳ ውስጥ ነው» አለች ፀሐይወርቅ። «ስለዚህ ወርደው ነው የወሰዱት። ያን ጊዜ ይተነፍስ ነበር?»

ዶክተር ታረቀኝ ዓይኑን አሸዋው ላይ ጣለ። ናፍቆት ፊቷን አዞረች። ኦቦ ኡዴሳ ምን እንደተባለ ጎረቤታቸውን ጠየቁና ሲነገራቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው ራቅ ብለው ቆሙ።

ሳጅን ደመላሽ ካቴናውን ከጃፋር እጅ ፈታ። ጃፋር የእጅ አንጓውን እያሸ ቆየ፤ ሳጅኑ ይቅርታ ሲለውም ጭንቅላቱን አልነቀነቀም።

«እኔን ተወኝ» አለው። «እናቴ ከትናንት ጀምሮ በርህ ላይ ናት። እኔ ምንም አልነግራትም። አንተ ነህ የምትነግራት።»

ታረቀኝን በዚያው ካቴና አስረው ወደ ጨለለቅቱ ወጡ። ጣቢያው በር ላይ ቡና አስረክበው የሚመለሱ ሰዎችና ሞተረኞች ወንጀለኛው መጣ ሲባል ተሰብስበው ነበር። ጀሚሊያ ከመካከላቸው ቆማለች። መጀመሪያ የወረደው ሳጅን ደመላሽ ነው። ቆቡን አወለቀና ፊቷ ቆሞ፣ ልጅሽ ንጹሕ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አላት።

ጀሚሊያ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ወደ ሳጅኑ ዞረች።

«ድምፅህን ከፍ አድርገህ ድገመው» አለችው። «እዚያ ማዶ የቆሙት አልሰሙም።»

ሳጅን ደመላሽ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ደገመው።